ውሃ ከፈላ በኋላ እሳቱ የት ይገባል? ሙቀት በቅንጣቶች ላይ የሚያደርገውን በቤት ውስጥ መለካት

ድንች የተጣደበት ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ ምድጃውን እስከ መጨረሻው ብታዞሩት ድንቹ ቶሎ አይበስልም። የሚጨምረው እንፋሎቱና የመብራት ቆጣሪው ብቻ ነው። ቴርሞሜትር ብትነክሩበትም እሳቱ ከፍ ሲል ንባቡ ንቅንቅ አይልም። ሙቀት ወደ ድስቱ ያለማቋረጥ እየገባ ነው፤ ውሃው ግን ከዚያ በላይ አይግልም። ታዲያ የገባው ሙቀት የት ደረሰ?

ይህን ጥያቄ በራሱ ልኬት የመለሰ ተማሪ የጠጣር፣ የፈሳሽና የጋዝ ትምህርት ዋናው ነገር ገብቶታል ማለት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ሙከራዎች ለመምህራን፣ ለሳይንስ ክበቦችና ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስጠኑ ወላጆች የተዘጋጁ ናቸው። ቤተ ሙከራ አይጠይቁም፤ ቴርሞሜትር፣ የወጥ ቤት ሚዛንና ትዕግሥት ይበቃል።

መጀመሪያ ሁለቱን ቃላት እንለያቸው

ችግሩ ገና ከቋንቋው ይጀምራል። በአማርኛ “ዛሬ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ነው” እንላለን፤ “ምድጃው ሙቀት ይሰጣል”ም እንላለን። ቃሉ አንድ ነው፣ ነገሩ ሁለት። በመጀመሪያው አባባል የተለካው የሙቀት መጠን ነው፤ ይህም የአንድ ነገር ቅንጣቶች በአማካይ ምን ያህል በብርታት እንደሚንቀሳቀሱ ይነግረናል። በሁለተኛው የተባለው ሙቀት ራሱ ነው፤ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው የሚተላለፍ ጉልበት። የመጀመሪያው በዲግሪ ይለካል፣ ሁለተኛው በጁል።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይሻላል። 80 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲኒ ቡና 80 ዲግሪ ላይ ነው እንበል። አጠገቡ 35 ዲግሪ የሆነ ለብ ያለ ውሃ በ10 ሊትር ባልዲ አለ። ሁለቱም ወደ 20 ዲግሪ እስኪወርዱ ቡናው 20,000 ጁል ገደማ ይሰጣል፤ ባልዲው ግን 627,000 ጁል ያህል። ምላስ የሚያቃጥለው ሲኒው ነው፤ ብዙ ሙቀት የያዘው ግን ባልዲው፣ ያውም ከ30 እጥፍ በላይ።

ስለ ሦስቱ ሁኔታዎች መጻሕፍቱ የሚሉት ይታወቃል፤ በአጭሩ እንለፈው። በጠጣር ውስጥ ቅንጣቶቹ ባሉበት ቦታ ላይ ይርገበገባሉ እንጂ ቦታ አይለቁም። በፈሳሽ ውስጥ እንደተነካኩ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። በጋዝ ውስጥ ተራርቀው በየአቅጣጫው ይበራሉ። ልጆች ደጋግመው የሚሳሳቱት አንድ ነገር ግን አለ፤ ቅንጣቱ ራሱ የሚቀልጥ፣ የሚያብጥ ወይም የሚግል ይመስላቸዋል። የውሃ ሞለኪውል በበረዶም በእንፋሎትም ያው የውሃ ሞለኪውል ነው። የሚለወጠው እንቅስቃሴውና ከጎረቤቶቹ ጋር ያለው ትስስር ነው።

ዋናው ሙከራ፦ ከበረዶ እስከ ፍላት

የሚያስፈልጉት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ 450 ግራም በረዶ፣ 50 ግራም በጣም ቀዝቃዛ ውሃ፣ አንድ ሊትር ተኩል ያህል የሚይዝ ትንሽ ድስት፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የእንጨት ማማሰያ፣ ሚዛን፣ የስልክ ሰዓትና ባለ ካሬ ወረቀት። ቴርሞሜትሩ ቢያንስ ከ0 እስከ 110 ዲግሪ የሚለካ ይሁን። የትኩሳት ቴርሞሜትር ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ የመስተዋቱ ዓይነት 42 ዲግሪ አካባቢ ላይ ያበቃልና የፈላ ውሃ ውስጥ ይፈነዳል፤ ውስጡ ሜርኩሪ ካለ ደግሞ መርዙ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል።

የከሰል ምድጃ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ፍሙ በየደቂቃው ስለሚለዋወጥ በእኩል ጊዜ እኩል ሙቀት መግባቱን ማረጋገጥ አይቻልም፤ የሙከራው መሠረት ደግሞ እሱ ነው።

1. በረዶውን ከማቀዝቀዣ አውጥታችሁ ላዩ ረጥቦ እስኪያብለጨልጭ 10 ወይም 15 ደቂቃ አቆዩት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በዘነዘና ቀጥቅጡት፤ ስባሪው የሽንብራ ፍሬ ያህል ይሁን።

2. ምድጃውን ለብቻው 5 ደቂቃ አሙቁ። ይህን ከዘለላችሁ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሙቀት ወደ በረዶው ሳይሆን ምድጃውን ራሱን ለማሞቅ ይውላል።

3. ባዶውን ድስት መዝኑ፤ በረዶውንና ውሃውን ጨምራችሁ እንደገና መዝኑ። የመጀመሪያውን ንባብ ውሰዱ። ዜሮ ወይም ለዜሮ በጣም የቀረበ መሆን አለበት።

4. ጣዱት፣ ሰዓቱን አስነሡ፣ በማማሰያው ያለማቋረጥ አማስሉ። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ከድስቱ ወለል ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። በየ30 ሰከንዱ ጻፉ።

5. ውሃው ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ ቀጥሉ፤ አሁን በየደቂቃው መመዝገብ ይበቃል። ከዚያ ድስቱን አውርዳችሁ መዝኑ። የጎደለው ክብደት እንፋሎት ሆኖ የሄደው ውሃ ነው።

6. ጊዜውን በአግድም፣ ዲግሪውን በቁም አድርጋችሁ ሥዕሉን አውጡ።

የሚወጣው መስመር ሁለት ሜዳና በመካከላቸው አንድ ዳገት አለው። የመጀመሪያው ሜዳ በረዶው የሚቀልጥበት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው የፍላቱ ነው። በሁለቱም ሜዳዎች ላይ ሙቀት ይገባል፣ የሙቀት መጠን ግን አይጨምርም። የገባው ጉልበት የቅንጣቶቹን ሩጫ አያፈጥንም፤ ትስስራቸውን ለመፍታት ይውላል። ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ይህን “ስውር ሙቀት” ብሎ ጠራው፤ ቴርሞሜትር የማያየው ሙቀት በመሆኑ።

መጠኑም ይሰላል። ምድጃው በእያንዳንዱ ሰከንድ 500 ጁል፣ ማለትም 500 ዋት፣ ወደ ውሃው ያስገባል ብንል፦ 450 ግራም በረዶ ለማቅለጥ በግራም 334 ጁል ስለሚፈልግ 150,000 ጁል ገደማ፣ 5 ደቂቃ። ግማሽ ኪሎውን ውሃ ከ0 ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 192,000 ጁል፣ ስድስት ደቂቃ ተኩል አካባቢ። ሁሉንም ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን ከ1,130,000 ጁል በላይ፣ 38 ደቂቃ። ድስቱን እስኪደርቅ አታቆዩት፤ 10 ደቂቃ ላይ የጎደለው ክብደት ለስሌቱ ይበቃል። የእናንተ ምድጃ ኃይል ቢለይም የሦስቱ ጊዜያት ንጽጽር ብዙም አይለወጥም። መፍላት ይህን ያህል ውድ የሆነው በምክንያት ነው፤ ማቅለጥ ትስስርን ያላላል፣ ማትነን ግን ጨርሶ ይበጥሳል።

የምድጃውን እውነተኛ ኃይል ለማወቅ ከ65 እስከ 85 ዲግሪ የፈጀውን ጊዜ በሰከንድ ውሰዱና 41,800ን (ግማሽ ኪሎ ውሃ በ20 ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገውን ጁል) ለእሱ አካፍሉ። 84 ሰከንድ ከፈጀ 498 ዋት ይሆናል። ከዚያ ይህን ኃይል በፍላቱ 600 ሰከንድ አባዙና ለጎደለው ግራም አካፍሉ፤ አንድ ግራም ውሃ ለማትነን ከሚያስፈልገው 2,270 ጁል ብዙ ያልራቀ ቁጥር ታገኛላችሁ። ኃይሉን ከዳገቱ መጀመሪያ ላይ አታስሉ። ውሃው ቀዝቃዛ እያለ ወደ ክፍሉ የሚያባክነው ሙቀት አነስተኛ ነው፤ በፍላት ጊዜ ግን ብዙ ነው፤ ስለዚህ ውጤቱ ከእውነተኛው ከፍ ይላል።

ንባቡ የሚበላሸው የት ላይ ነው?

ብዙ ጊዜ ሥዕሉ እንደ መጽሐፉ ጥርት ያለ ሜዳ አያወጣም። በረዶው ሳያልቅ ንባቡ 4 ወይም 6 ዲግሪ ከደረሰ ማማሰሉ ተቋርጧል ማለት ነው፤ በረዶው ላይ ላዩን ይንሳፈፋል፣ ታችኛው ውሃ ብቻውን ይሞቃል። ስባሪው ትልቅ ከሆነም ያው ነው፤ መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ጉብታዎች ሲቀሩ ሙቀቱን ቶሎ መቀበል አይችሉምና ውሃው ቀድሟቸው ይሞቃል። የፍላቱ ንባብ ከሚጠበቀው ሁለት ሦስት ዲግሪ በላይ ከሆነ ጫፉ የድስቱን ወለል ነክቷል።

አመሻሽ ላይ መሥራትም አይመከርም። ሰፈሩ ሁሉ ምድጃና ምጣድ ሲለኩስ የመብራቱ ቮልቴጅ ይወርዳል፤ የምድጃ ኃይል ደግሞ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። 220 የነበረው 190 ሲሆን ኃይሉ ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ በሥዕሉ ላይ ዳገቱ ያለምክንያት ይጎብጣል። ራሱን የሚያጠፋና የሚያበራ ምድጃ ከሆነ እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ተጠቀሙበት።

ቅቤ ወይም ሻማ ብታቀልጡ ሜዳው አይገኝም፤ መስመሩ ትንሽ ለዘብ ይልና ይቀጥላል። ስሕተት አይደለም። ቅቤ የብዙ ዓይነት ስቦች ድብልቅ ስለሆነ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ይቀልጣል። በአንድ ዲግሪ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ንጹሕ ነገር ነው።

የተረፈ በረዶ ካላችሁ ይህንም ሞክሩ፦ 300 ግራም ቅጥቅጥ በረዶ ላይ 100 ግራም ጨው ጨምራችሁ አማስሉ። ከዜሮ በታች የሚለካ ቴርሞሜትር ካላችሁ ንባቡ ወደ −15 እና ከዚያም በታች ሲወርድ ታያላችሁ፤ በደንብ ከተቀላቀለ −20 አካባቢ ይደርሳል። ማንም አላቀዘቀዘውም። ጨው በረዶውን በግድ ያቀልጠዋል፤ መቅለጥ በግራም 334 ጁል ይፈልጋል፤ ከውጭ በበቂ ፍጥነት የሚሰጠው ሲያጣ ከራሱ ከድብልቁ ይወስዳል። በባዶ እጅ አትንኩት፤ ቅዝቃዜው ቆዳ ይጎዳል።

አዲስ አበባ ላይ 100 አትጠብቁ

የፍላቱ ሜዳ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ከቆመ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ፍላት ማለት ከፈሳሹ ውስጥ የሚወጣው እንፋሎት የላዩን አየር ግፊት የሚቋቋምበት ነጥብ ስለሆነ፣ ግፊቱ ሲያንስ ቅንጣቶቹ ባነሰ ጉልበት ያመልጣሉ። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሱ። ድሬዳዋ 96፣ ባሕር ዳር 94፣ ደብረ ብርሃን 91 ሊጠጋ ይችላል፤ ከባሕር ጠለል በታች ባለው የዳናክል ረባዳ ደግሞ ከ100 ትንሽ ያልፋል።

አንደርስ ሴልሺየስ እ.ኤ.አ. በ1742 መለኪያውን ሲያወጣ የፍላት ነጥብ ከአየሩ ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ ያውቅ ነበር። የሚገርመው የራሱ መለኪያ ተገልብጦ ነበር የተሠራው፤ 0 የሚፈላበት፣ 100 በረዶ የሚሆንበት። ዛሬ ወደምናውቀው የተመለሰው ከእሱ በኋላ ነው።

ስለዚህ ቴርሞሜትር ስታረጋግጡ በበረዶ ውሃ አረጋግጡ፤ ከፍታ ዜሮውን በሚታይ መጠን አይነካውም። በፍላት ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ የከተማችሁን ከፍታ አስቀድማችሁ አስቡ።

ለወጥ ቤቱም ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ላይ በክፍት ድስት የሚቀቀል ባቄላ ከ92 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ አይችልም፤ ለዚህ ነው ዝቅ ካለ አገር ይልቅ የሚዘገየው። ጨው መጨመር አይረዳም፤ በሊትር 10 ግራም ጨው የፍላቱን ነጥብ ከ0.2 ዲግሪ በታች ነው ከፍ የሚያደርገው። መፍትሔው ግፊት ነው። በላዩ የአንድ ከባቢ አየር ያህል ተጨማሪ ግፊት የሚይዝ ፕሬዠር ኩከር ባሕር ዳርቻ ላይ 121 ዲግሪ ይደርሳል፤ አዲስ አበባ ላይ 117 አካባቢ። መመሪያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ የሚያንሳችሁ ለዚህ ነው፤ ጥቂት ጨምሩ። ፉጨቱ ከጀመረ በኋላ ግን እሳቱን ቀንሱ፤ ከዚያ በላይ የሚነደው በቫልቩ ይወጣል እንጂ ወደ ባቄላው አይገባም።

የመጠጥ ውሃ ለማከም የሚያፈሉ ሰዎችም ይህን ማወቅ አለባቸው፤ የተለመደው ምክር አንድ ደቂቃ በኃይል ማንፈቅፈቅ ሲሆን ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ 3 ደቂቃ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከድስቱ በላይ የሚታየው ነጭ ጉም እንፋሎት አይደለም፤ ቀዝቅዞ ወደ ጥቃቅን ጠብታ የተመለሰ ውሃ ነው። እውነተኛው እንፋሎት ከጉሙ በታች፣ ምንም የማይታይበት ቦታ ላይ ነው፤ እጅ የሚያቃጥለውም እሱ ነው። አንድ ግራም የፈላ ውሃ ቆዳ ላይ ሲቀዘቅዝ 230 ጁል ያህል ይለቃል፤ አንድ ግራም እንፋሎት ግን ወደ ውሃ ሲመለስ ብቻ ከዚህ አሥር እጥፍ ይለቃል። ክዳን ስትከፍቱ ከራሳችሁ ርቆ እንዲወጣ አድርጋችሁ ክፈቱ።

በሲሪንጅ ማፍላት

ግፊትና ፍላት የተያያዙ መሆናቸውን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ሙከራ የለም፤ ወጪውም ከፋርማሲ የሚገዛ 20 ሚሊ ሊትር አዲስ ሲሪንጅ ነው። መርፌውን አውጥታችሁ አስወግዱ።

ውሃ አፍሉና ወደ 60 ዲግሪ እስኪወርድ ጠብቁ። ቀድሞ መፍላቱ የሟሟውን አየር ያስወጣል፤ ካልወጣ የሚታየው አረፋ አየር ነው ወይስ እንፋሎት የሚለው ያከራክራል። 5 ሚሊ ሊትር ሳቡ፣ ሲሪንጁን ሽቅብ አድርጋችሁ የቀረውን አየር ገፍታችሁ አስወጡ፣ አፉን በጎማ ቁራጭ በኃይል ድፈኑ፤ ጣት ካደረጋችሁ ይሞቃችኋል። አሁን መግፊያውን እስከ 15 ምልክት ጎትቱና ያዙት። ውሃው 60 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ስትለቁት ፍላቱ ወዲያው ይቆማል።

እሳት አልተጨመረም፤ የተነሣው የላይኛው ጫና ነው። ጥቂት ደጋግማችሁ ከሠራችሁ ውሃው ትንሽ ይቀዘቅዛል፤ ያመለጡት ፈጣኖቹ ቅንጣቶች ናቸው፣ የቀሩት በአማካይ ዘገምተኞች። በገንቦ የተቀመጠ ውሃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ሕግ ነው፤ ውሃው በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ያልብና ሲተን ሙቀቱን ከገንቦው ይወስዳል። ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ስለሚሆን ገንቦው ያን ያህል አያቀዘቅዝም።

ካልሠራላችሁ ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ አፉ ያስተነፍሳል። ጎማውን ለውጡ።

በዚያው ሲሪንጅ ሌላም ነገር ይታያል። 15 ሚሊ ሊትር አየር ይዛችሁ አፉን ደፍናችሁ ግፉ፤ ግማሽ ያህል ይገባል። ውሃ ሞልታችሁ ግፉ፤ ንቅንቅ አይልም። በጋዝ ቅንጣቶች መካከል ባዶ ቦታ አለ፣ በፈሳሽ ግን የለም ለማለት ይቻላል። ምን ያህል ባዶ? አዲስ አበባ ላይ 1 ግራም ውሃ ሲፈላ 2.2 ሊትር ያህል እንፋሎት ይሆናል፤ ይህም በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ርቀት 13 እጥፍ ሰፋ ማለት ነው።

ጋዝ ሲሞቅ፦ ፊኛና ሳንቲም

ደረቅ ባዶ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ አፍ ላይ ፊኛ አጥልቁና 60 ዲግሪ ያህል በሆነ ውሃ ውስጥ አቁሙት። የፈላ ውሃ አታፍስሱ፤ ፕላስቲኩ ይጨማደድና ይዘቱ ስለሚቀንስ ልኬታችሁ ይበላሻል።

ፊኛው እንደ ልደት ፊኛ ይነፋል ብላችሁ አትጠብቁ። ከ20 ወደ 60 ዲግሪ የሞቀ አየር በ14 በመቶ ገደማ ነው የሚሰፋው፤ ወደ 70 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ሲኒ ቢሞላ ነው። ፊኛው ተነሥቶ መቆሙ ራሱ ውጤት ነው። አዲስ ፊኛ ደረቅና ግትር ስለሆነ አስቀድማችሁ አንድ ሁለቴ ንፉትና አለስልሱት። አንዳንድ ተማሪ “ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ነው” ይላል። ጠርሙሱን ገልብጣችሁ ላዩ ላይ በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጠቅልሉበት፤ ፊኛው ወደ ታችም ይነፋል። አየሩ በሁሉም አቅጣጫ ነው የሚገፋው።

ሁለተኛው ከዚህም ይቀላል። ባዶ የለስላሳ መስተዋት ጠርሙስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆዩ። አፉን በውሃ አርጥቡና አፉን የሚከድን ሳንቲም አስቀምጡበት። ጠርሙሱን በሁለት እጅ እቀፉት። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሳንቲሙ ብድግ፣ ቁጭ ይላል፤ ደጋግሞም ይጮኻል። በእጃችሁ ሙቀት የፈጠኑት የአየር ቅንጣቶች ሳንቲሙን ከታች አዘውትረውና በርትተው ይመቱታል። ውሃው ክፍተቱን ይደፍናል፤ ሳታርጥቡት ከሠራችሁ አየሩ ዝም ብሎ ሾልኮ ይወጣል።

የጋዝ ሲሊንደር ፀሐይ ላይ አይቀመጥም የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው። ውስጡ ያለው ፈሳሽም ስለሚሰፋ ሲሊንደሩ ጢም ተደርጎ አይሞላም፤ ከላይ ባዶ ቦታ ይተውለታል።

የቀለም ሙከራው ብዙ ጊዜ በስሕተት ነው የሚተረጎመው

በሞቀና በቀዘቀዘ ውሃ ላይ የምግብ ቀለም ጠብ ማድረግ የታወቀ ሙከራ ነው። በሞቀው ብርጭቆ ቀለሙ ቶሎ ይሰራጫል፤ መምህሩም “ቅንጣቶቹ ፈጣን ስለሆኑ ነው” ይላል። ግማሽ እውነት ነው። የቀለም ሞለኪውሎች በራሳቸው መንገጫገጭ ብቻ ቢጓዙ 10 ሴንቲ ሜትር ለማቋረጥ ወራት ይፈጅባቸዋል። በደቂቃ ውስጥ ብርጭቆውን የሚሞላው የውሃው ዝውውር ነው፤ ዳር ዳሩ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል፣ መሐሉ ይወጣል፣ ቀለሙን ይዞት ይዞራል።

የቅንጣቶቹን ሥራ ብቻ ማየት ከፈለጋችሁ ዝውውሩን አስቁሙት። 20 ግራም የበቆሎ ስታርች በ250 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ እያማሰላችሁ እስኪወፍር አብስሉ፣ በሁለት ጠባብ መስተዋት ብርጭቆ ከፍላችሁ እስኪረጋ አቀዝቅዙ። በሁለቱም ላይ እኩል ጠብታ ቀለም አድርጉ። አንዱን ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ሌላውን ጠረጴዛ ላይ 24 ሰዓት አቆዩ። ቀለሙ የሚወርደው በሚሊ ሜትር ነው፤ በማስመሪያ ለኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ይቀድማል፣ ልዩነቱ ግን እንደ ውሃው የተጋነነ አይሆንም። ብርጭቆው ዳር ላይ ቀለሙ በስንጥቅ ከሾለከ መሐሉን ብቻ ለኩ።

ጠጣር፣ በቆርቆሮና በምጣድ

በጠጣር ውስጥ ቅንጣቶቹ ቦታ ባይለቁም ሲሞቁ ርግብግቢታቸው ይሰፋል፣ እርስ በርስም ትንሽ ይራራቃሉ። ትንሽ የምትለዋ ቃል ግን አታታልል። ሦስት ሜትር ቆርቆሮ ጧት 10 ዲግሪ የነበረው ቀትር ላይ 60 ቢደርስ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ማታ ያንኑ ያህል ያጥራል። ፀሐይ እንደገባች ጣሪያው የሚንጣጣው ምስማሩ ይዞት አልኮማተር ሲል ቆይቶ ሸርተት ስለሚል ነው።

አልከፈት ያለ የብረት ክዳን ያለው የመስተዋት ዕቃም በዚሁ ይከፈታል። ክዳኑን ብቻ ለ30 ሰከንድ ያህል ሙቅ ውሃ ውስጥ ዝፈቁት፤ ብረት ከመስተዋት የበለጠ ስለሚሰፋ ይላላል። ዕቃው ከማቀዝቀዣ ከወጣ መጀመሪያ የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ጠብቁ፤ አለዚያ መስተዋቱ ይሰነጠቃል።

የሸክላ ምጣድ የሚሰነጠቅበት ምክንያት ሁለት ነው፤ አንዱን ከሌላው መለየት ጠቃሚ ነው። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ ኃይለኛ እሳት ሲነካው የሚጎዳው በሸክላው ውስጥ ያለው እርጥበት መውጫ ሳያገኝ እንፋሎት ሆኖ ስለሚያብጥ ነው፤ እዚህ ላይ የሚሠራው ያው ከላይ ያየነው ብዙ እጥፍ መስፋት ነው። ስለዚህ በለዘብተኛ እሳት እርጥበቱ ቀስ ብሎ እስኪወጣ ይሞቃል። አሮጌውን ምጣድ የሚሰነጥቀው ግን የጋለው ላይ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ላዩ ወዲያው ይኮማተራል፣ ታቹ እንደሰፋ ይቆያል፤ ሸክላ ደግሞ መለጠጥ አያውቅም። ለማጠብ ከፈለጋችሁ በእጅ መዳፍ ያለ ጭንቀት መንካት እስኪቻል ጠብቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ ከሶኬቱ ነቅላችሁ፣ ከታች ያለው ሽቦ ጨርሶ እስኪቀዘቅዝ ቆይታችሁ፣ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት።